«ወላጅ አምጪ»፦ ከ10 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች እውናዊ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

አማርኛ ለትንንሽ ልጆች ተረት ሞልቶታል። ጅብና አህያ፣ ጦጣና ገበሬ፣ አባባ ተስፋዬ ለዓመታት በቴሌቪዥን ያወሩት ሁሉ አለ። ለአዋቂም ልቦለድ አይጠፋም። መሐሉ ነው የሳሳው። 11 ዓመት የሞላው ልጅ አህያ ስታወራ ማንበብ ያፍራል። የአዋቂዎቹ የትዳርና የፖለቲካ ጣጣ ደግሞ ገና ነው። እሱ የሚፈልገው ስለ ክፍሉ፣ ስለ ሠፈሩ፣ ትናንት ስለተጣላው ጓደኛው ማንበብ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን መሐል ለመሙላት ለሚነሳ ሰው ነው። መምህር ይሁን፣ ወላጅ ይሁን፣ ራሱ የ16 ዓመት ልጅ ይሁን ለውጥ የለውም። እውናዊ ልቦለድ የምለው በዛሬ ጊዜ፣ በምናውቀው ቦታ፣ በእርግጥ ሊሆን የሚችል ታሪክ ነው። ሰዎቹም ድርጊቱም ፈጠራ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የታክሲ ሰልፉና የእናት ቁጣ ግን አንባቢው የሚያውቃቸውን መምሰል አለባቸው። አስማት አይገባም። መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ የሚመጣ ሀብታም አጎትም አይገባም።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብረን እንገነባለን።

1. አንባቢውን በክፍል ምረጡ

«ለልጆች ነው የምጽፈው» አይበቃም። የ5ኛ ክፍል ልጅና የ9ኛ ክፍል ልጅ አንድ መጽሐፍ አያነቡም። ትንሹን የሚያስጨንቀው ቤቱና ጓደኛው ነው። ትልቁ እኔ ማን ነኝ ማለት ጀምሯል፤ ፍቅር አለ፣ ከወላጅ መለየት አለ፣ የወደፊት ፍርሃት አለ። አንዱን ምረጡ።

ልጆች ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ስላለ ልጅ ማንበብ ይወዳሉ። አንባቢው 10 ወይም 11 ከሆነ ባለታሪኩ 12 ይሁን። ወደ ታች ግን አይሠራም። ለ8ኛ ክፍል ልጅ ስለ 5ኛ ክፍል ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ስጡት፣ ሳይከፍተው ለታናሽ እህቱ ያቀብላል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ በእንግሊዝኛው የኅትመት ዓለም ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጻፍ ልቦለድ ብዙውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ቃል ነው። ለወጣቶች የሚጻፈው ከዚያ ይበልጣል። ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። አማርኛ መስተዋድዱንና ተውላጠ ስሙን ቃሉ ላይ ስለሚለጥፍ ያው ታሪክ በአነስተኛ ቃል ያልቃል። ለመጀመሪያ ሥራ እያንዳንዳቸው 1,200 ቃል ገደማ የሆኑ ከ10 እስከ 15 ምዕራፎች ይበቃሉ። አንድ ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ፣ ከእራት በፊት፣ የሚያልቅ ይሁን።

የእኛ ባለታሪክ ሀሴት ትባላለች። 12 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል ናት። ስሙን ሳስበው ብርቱካን ወይም ትዕግሥት አላልኳትም፤ እነዚህ የእናቷና የአክስቶቿ ዘመን ስሞች ናቸው። ስም ዕድሜ አለው። ልጆች ይህን ወዲያው ያውቃሉ።

2. ከትልቁ ርዕስ ሳይሆን ከትንሿ ችግር ጀምሩ

«ስለ ስደት እጽፋለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ስደት፣ ድህነት፣ የቤተሰብ መፍረስ ለ12 ዓመት ልጅ ርዕስ ሆነው አይመጡም። በሆነ ትንሽ ነገር በኩል ነው የሚመጡት። ስለዚህ ይህን ጠይቁ፦ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይህችን ልጅ ሆዷን የሚያማት ምንድን ነው?

የሀሴት እናት ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሀሴት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ይህ ትልቁ ነገር ነው፤ ለጊዜው እናቆየው። ትንሿ ነገር ይህቺ ናት፦ ሐሙስ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ስልኩ ተወስዶ የዩኒት ሊደሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። «ወላጅ አምጪ» ተባለች።

የደወለችው እናቷ ናት። እናቷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ምን እንደሆነች ለማወቅ ስልኩ ያስፈልጋል፣ ስልኩን ለማግኘት ወላጅ ያስፈልጋል፣ ወላጇ ስልኩ ውስጥ ናት። አሁን ታሪክ አለን። «ስደት» የሚለው ቃል አንድም ቦታ ሳይነሳ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ስደት ነው።

ሌላ ዘር ለሚፈልግ ጥቂቶቹን ላንሳ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቅምት 2015 ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በዜና ተነግሯል። ለእኛ የሚጠቅመው ታላቅ ወንድሟ ውጤቱን በስልክ ባየበት ማታ እራት ላይ ማን ምን እንዳላለ የምታይ ታናሽ እህት ናት። ወይም በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የተለያዩ ሁለት የልብ ጓደኞችን አስቡ፤ አንዱ በአንዱ የከተማ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ቤት ደረሰው፣ የጋራ ኳሳቸው አንደኛው ጋ ቀረ። ወይም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የ11 ዓመት ልጅ፣ ሐኪም ቤት ለእናቷ ስታስተረጉም ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ልንገራት ወይስ ላለሳልሰው ብላ ትቸገራለች። ከሦስቱ አንዱም ላይ መንደርደሪያ ንግግር አያስፈልግም።

3. የልጁን መንገድ ሳሉ

ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ። ቤት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጉሊት፣ ታክሲ ተራ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። የትኛው ከየትኛው ይቀድማል? ደረጃው ስንት ነው? ውሻው የትኛው ግቢ ነው ያለው?

እኛ ጋ ደራሲ ሊጠቀምበት የሚገባ አንድ ስጦታ አለ፦ መላላክ። የእኛ ልጅ ይላካል። ካርድ ግዛ፣ ሽንኩርት አምጪ፣ እትዬ አልማዝን ረከቦት አውሺኝ በያቸው። የተላከ ልጅ የትም ይገባል፣ ማንም ልብ አይለውም። ቡና ሲፈላ ሲኒ የምታቀራርብ ልጅ አዋቂዎቹ የሚያወሩትን ሁሉ ትሰማለች። ምስጢር በምን ይታወቅ፣ ባለታሪኳ እንዴት ከቤት ትውጣ ብላችሁ ስትቸገሩ ላኳት። ሀሴት ስልኳ ከተወሰደ በኋላ ሠፈሩን ሁሉ የምታስሰው «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» እያለች ነው። አያቷም ዛሬ ይህቺ ልጅ ለመላክ እንዲህ የቸኮለችው ምን ሆና ነው ማለት ትጀምራለች።

4. አዋቂዎቹን ገለል አድርጉ፣ ግን አትግደሏቸው

የልጆች ልቦለድ ደራሲዎች ቀላሉን መንገድ ሲመርጡ ወላጆቹን ይገድላሉ። እኛ ጋ እሱም ችግሩን አይፈታም፤ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ የክርስትና አባት አለ። ልጅ ብቻውን አይተውም። ስለዚህ አዋቂው በቦታው ሆኖ ሊረዳ የማይችልበት እውነተኛ ምክንያት ፈልጉ።

የሀሴት አያት ጉልበቷን ያማታል። ኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር የለውም። አራት ፎቅ ወርዳ ከወጣች ሁለት ቀን ትተኛለች። የአያቷ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፣ ኢሞ አያስደውልም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሀሴት ስልኩን ትምህርት ቤት ላትወስድ ምላለች። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ይበልጣል፤ ልጅቷን ዝም የሚያሰኛት እሱ ነውና።

ስለዚህ ሌላ «ወላጅ» ፍለጋ ትወጣለች። ተማሪ ሆኖ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። መጀመሪያ ባለሱቁ ሙዲን ጋ ትሄዳለች፤ «ሱቁን ለማን ትቼ?» ይላታል። ቀጥሎ የታክሲ ረዳቱ ቢኒ በ100 ብር ይስማማል፤ የወንድሙን ኮት ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ ይመጣል፤ ዩኒት ሊደሩ ገና በር ላይ ሲያዩት «አንተ ቢንያም፣ ያኔ የሰበርከውን መስታወት ልትከፍል መጣህ?» ይሉታል። ሦስተኛዋ ጎረቤቷ እትዬ አልማዝ ናቸው። ደስ ብሏቸው እሄድልሻለሁ ይሏታል። ግን ገና ሳይሄዱ ወሬው በማግስቱ ቡና ላይ ሕንጻውን ሁሉ ያዳርሳል። እያንዳንዱ ሙከራ ነገሩን ካለበት ያባብሰው። ሳቅ ይኑረው። እዚህ ዕድሜ ላይ ያለ አንባቢ የሚያስቀው ምዕራፍ ካጣ አሳዛኙ ጋ ሳይደርስ ይተዋችኋል።

አሁን ስለ ዋናው ጠላት። «ምክር ሰጪው ጋሼ» እለዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ሽበታም ሰውዬ ይመጣል። ወይ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ወይ ጥሩ ጎረቤት። ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠዋል፤ «አየህ ልጄ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ገጽ ተኩል። ልጁ አልቅሶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል። በአማርኛ ለልጆች የሚጻፈውን ከምንም በላይ የሚያደርቀው ይህ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆች ምክር ጠፍቶባቸው አያውቅም። ቤት ይመከራሉ፣ ሰልፍ ላይ ይመከራሉ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የማያውቁት ሰው ይመክራቸዋል። ልቦለድ ሲከፍቱ ደግሞ ያው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ይዘጉታል።

እንዲህ ፈትሹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ውሳኔው ያለበትን ምዕራፍ አውጡና አዋቂዎቹ የተናገሩትን ሁሉ በቀይ ቀለም አስምሩበት። ባለታሪኩ የወሰነው በቀይ የተሰመረበት ቦታ በሰማው ነገር ከሆነ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፉት። አዋቂ ሊያዝን ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል፣ ሳያውቅ ትክክለኛ ነገር ሊናገርም ይችላል። ውሳኔው ግን የልጁ ነው። ተሳስቶም ይወስን።

5. ማን ያውራው? በምን ዓይነት አማርኛ?

ለመጀመሪያ ሥራ «እኔ» ብሎ የሚያወራ ልጅ ይቀላል። «እኔ» ስትሉ ልጅቷ የማታውቀውን ልትነግሩን አትችሉም፤ ስብከት ቢያምራችሁም አፏ አይመችም።

አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ያለው ቋንቋ የማይጠይቃችሁን አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፦ ማን አንቱ ይባላል? «አባቴ መጣ» የሚል ልጅና «አባቴ መጡ» የሚል ልጅ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ወስኑና እስከ መጨረሻው ጠብቁት። ሀሴት አያቷን «እማዬ» እያለች አንቺ ትላለች፤ ያሳደገቻት እሷ ናትና። እናቷ በስልክ ያለችዋ «ማሚ» ናት። እትዬ አልማዝን አንቱ ትላለች። ቢኒን አንተ። አንድ ቀን ተናዳ እማዬን አንቱ ብትላት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ የማዕረግ ለውጥ ብቻ ሙሉ ጠብ ይሆናል።

ንግግሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ረቂቅ ላይ ያለው ንግግር እንዲህ ነው፦

«ውድ ልጄ ሆይ፣ ትምህርት የዕድገት መሠረት መሆኑን ዘንግተሽ ስልክ ይዘሽ መሄድሽ እጅግ አሳዝኖኛል» አለች አያቴ።

እንዲህ የምትናገር አያት ጀሞም የለችም፣ ጎንደርም የለችም። ያንኑ ቦታ እንዲህ ብናደርገውስ፦

«ስልኩስ?» አለች እማዬ።
«የቱ ስልክ?»
«እናትሽ የላከችው ነዋ። ዛሬ ሲጮህ አልሰማሁትም።»
«ቻርጅ የለውም።»
እማዬ ሽሮውን አማሰለች። ዝም ብላ ቆየች።
«መብራት እኮ ቀኑን ሙሉ ነበር» አለች።

እዚህ ማንም አልተቆጣም። አያቲቱ እንዳወቀች አንባቢው አውቋል፣ ሀሴትም አውቃለች፣ ሦስቱም ዝም ብለዋል። «ፈራሁ»፣ «አፈርኩ» የሚል ቃል አላስፈለገም።

የልጆች ቋንቋ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ ልጆቹን እንደ ጋዜጣ ማናገር ነው። ሌላው ደግሞ «ጀለስ»፣ «ሙድ ያዘብኝ»፣ «ላሽ በል» እያሉ በየመስመሩ መደርደር። የሠፈር ቃል ቶሎ ያረጃል፤ ዘንድሮ ቲክቶክ ላይ የሰማችሁት ቃል መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የፋራ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ሕይወት ጋር የተጣበቁት ይቆያሉ፦ ፎረፈ፣ ኮረጀ፣ ቸከለ፣ ቀለሜ፣ ሞኒተር፣ ሚኒስትሪ። በእነሱ ላይ ተመኩ፤ ሌላውን አንድ ሁለት ገጸ ባሕርይ ብቻ ይናገረው። ቢኒ ይናገረው፣ ያምርበታል። ደሴ ወይም ሐዋሳ ያለ ልጅ አፍ ውስጥ ደግሞ የአዲስ አበባ አራዳ ቋንቋ አታስገቡ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚያወራ ልጅ ከሆነ አያቱን የሚጠራበት ቃል ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ትርጉሙን አጠገቡ መጻፍ አያስፈልግም፣ ከሁኔታው ይገባል።

ጆሮ ለማሠልጠን የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ታክሲ ውስጥ ጆሮ መስጠት። የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ፣ ስም አታስገቡ፣ የማንንም ልጅ እውነተኛ ታሪክ እንዳለ አትውሰዱ።

6. ነገሩ በተበላሸበት ቀን ጀምሩ

«ሀሴት የተወለደችው...» አትበሉ። ፀሐይ ስትወጣም አትጀምሩ። ስልኩ ሲጮህ ጀምሩ፦

«ማሚ የምትደውለው ሁልጊዜ ማታ ነው። አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሒሳብ እየተማርን ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ፣ ቲቸር ጠመኔውን ሲያስቀምጥ፣ እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ቀን ለምን ደወለች?»

እናቷ ውጭ እንደሆነች፣ ሰው ቤት እንደምትሠራ፣ ልጅቷ ስልክ እንደምትይዝ ሁሉም እዚህ አለ። የቀረውን የቤተሰብ ታሪክ በየምዕራፉ ቆንጥሩት፤ በአንድ ምዕራፍ ከሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር አይብለጥ።

የታሪኩን ጊዜ ጠበብ አድርጉ። የእኛ ከሐሙስ እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ነው። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ፊት ቀኑን ጻፉና ከእውነተኛ ካላንደር ጋር አመሳክሩት፤ የፍልሰታን ጾም መጋቢት ውስጥ ያስገባ ደራሲን የ11 ዓመት ዲያቆን ነው የሚያርመው። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል እንጂ ስምንት ሰዓት ጠዋት አይባልም።

ምዕራፍ ሲዘጋ አንድ ነገር ክፍት ይቅር። ቢኒ ዩኒት ሊደሩ ፊት የቆመበት ቦታ ላይ ቁረጡት። ምን እንደተባለ በሚቀጥለው ይምጣ።

7. ከባዱን ነገር በልጁ ቁመት ልክ አሳዩት

ልጆቻችን ግርፊያን ያውቃሉ። የሰከረ አባት ያውቃሉ። በሰሜኑ ጦርነት ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆች አሉ። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች የክፍል ጓደኛ ያላት ልጅ አለች። ይህን ከልቦለድ ማውጣት ለእነዚያ ልጆች «የእናንተ ሕይወት ለመጽሐፍ አይሆንም» ማለት ነው። ስለዚህ ይግባ።

አገባቡ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ልጅ ያየውን ብቻ ጻፉ። የ12 ዓመት ልጅ ጠቡን በግድግዳ በኩል ነው የሚሰማው፤ ነጋ ሲል የተሰበረውን ብርጭቆ የሚጠርገው እሱ ነው። ጠቡን ትታችሁ ጠረጋውን ጻፉ። ዘግናኙን ነገር በዝርዝር መዘርዘር አንባቢውን ያሸሻል፣ ደርሶበት ለሚያውቀው ልጅ ደግሞ ያመዋል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ባለበት ታሪክ ውስጥ ልጁ ሊነግረው የሚችል ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር፤ ምክር ሰጪው ጋሼን መልሱት ማለቴ አይደለም። ሰምቶ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» የሚል ሰው ይበቃል።

8. መጨረሻው ሽልማት አይሁን

ሀሴት ምን ታድርግ? ሦስቱም «ወላጆች» አልሆኑም። ማክሰኞ ማታ ለእማዬ ራሷ ትነግራታለች። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልመከራትም፤ እናቷ የሆነችውን የማወቅ ፍላጎቷ ከፍርሃቷ በልጧል። እማዬ አትቆጣም፤ ነጠላዋን አውርዳ ለነገ ታስቀምጣለች። ረቡዕ ጠዋት አራቱን ፎቅ በየደረጃው እየተቀመጠች ትወርዳለች። ይህን አወራረድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስጡት። ሁለቱ ሲያወሩ ያልተባለው የሚባለው እዚያ ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እትዬ አልማዝ በር ከፍተው ይወጣሉ፣ ወሬውም አብሯቸው ይወርዳል።

ስልኩ ሲመለስ እናቷ ደኅና ናት። የደወለችው ለፋሲካ እንደማትመጣ ለመናገር ነበር፤ ኮንትራቷን አድሳለች። ማታ ልትነግራት ድፍረት አጣች፣ ቀን ደወለች። ሞት የለም፣ ተአምርም የለም። አንባቢው የፈራው አልደረሰም፣ የተመኘውም አልደረሰም። ሀሴት ግን ከሐሙሷ ሀሴት የተለየች ናት፤ አንድ ነገር ብቻዋን ጀምራ ብቻዋን ወስናለች። እንዲህ ያለው መጨረሻ ለዚህ ዕድሜ ይስማማል። ተስፋ ይኑረው፣ ውሸት አይኑረው። እናትየው በመጨረሻው ገጽ ቦሌ ላይ ሻንጣ እየጎተተች ብትመጣ፣ እናቷ ያልመጣችላት አንባቢ መጽሐፉን እንደ ክህደት ነው የምትቆጥረው።

9. ለልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ

አራት አምስት ልጅ ሰብስቡ። የራሳችሁን ልጅ አይደለም፤ እሱ ያዝንላችኋል። የሠፈር ልጆች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት የሚመጡ ልጆች ይሁኑ። ሁለት ምዕራፍ አንብቡላቸው።

«እንዴት ነው?» ብትሉ «ቆንጆ ነው» ይሏችኋል። ይሉኝታ ነው፤ እንዲህ ተብለው ነው ያደጉት። ሌላ ጠይቁ፦ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» አምስቱም በአንድ አፍ ትክክለኛውን መልስ ከነገሯችሁ ታሪኩ ይታወቅባችኋል ማለት ነው። «ሀሴትን ብትሆኑ ማንን ትወስዱ ነበር?» ስትሉ ደግሞ ደራሲው ያላሰበው ሰው ይመጣል። እኔ ብሆን እሱን ሰው ሰርቄ ታሪኩ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ስታነቡ ዓይናችሁ እነሱ ላይ ይሁን። አንዱ ጫማውን መፍታትና ማሰር የጀመረበት መስመር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እዚያ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የአካባቢ መግለጫ በዝቷል፣ ወይ ምክር ተጀምሯል። ቁረጡት። «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ከተባላችሁ መልሱን አትመልሱ፣ ቃሉን ቀይሩት። የሳቁበትን ቦታ ደግሞ የትኛውም አርታኢ ቁረጡት ቢላችሁ አትንኩት።

10. ወደ ወረቀት

አንቀጾቹ አጭር ይሁኑ፤ ንግግር ሁሉ በራሱ መስመር። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ላይ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በመጽሐፉ ሙሉ እሱን ያዙ፤ አንባቢያችሁ ነገ ቃለ ጽሕፈት የሚጽፍ ተማሪ ነው። የፊደሉን መጠን ከአዋቂ መጽሐፍ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ወረቀት ውድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በቴሌግራም በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ መልቀቅ የሚሞክሩ አሉ፤ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ይመቻል፣ ምዕራፎቹም በተንጠለጠለ ነገር ስለሚያልቁ። ለማተም ስትወስኑ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) የምትጠይቁት ወመዘክር፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። የደራሲነት መብታችሁን የሚጠብቀው ሕግ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ከአሳታሚ ጋር ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፣ ምን ያህል ቅጂ እንደሚታተምና ሁለተኛ እትም ሲመጣ ማን እንደሚወስን በጽሑፍ አስፍሩ። የሽፋኑን ሥዕል ለሠዓሊ ስትሰጡ ደግሞ ሀሴት በሥዕሉ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ትምሰል። የ7 ዓመት ልጅ ካስመሰላት የ7ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አያነሳውም።